እንግዳው ከመምጣቱ በፊት

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ ሬዲዮ ናቸው። ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ለብዙ ዓመታት የሳምንት የእንግዳ ፕሮግራም አዘጋጅቻለሁ። ደራሲ፣ ሐኪም፣ የአፈር ተመራማሪ፣ የቅኔ መምህር፣ የንብ ባለሙያ ከፊቴ ተቀምጠው አውርተዋል። ስለዚህ ጥያቄዎቹ ደስ አሉኝ። የመጀመሪያውን ሰፋ አድርጌ ነው የምመልሰው።

«ጤና ይስጥልኝ። መሐል ሜዳ የአማርኛ መምህር ነኝ። የትምህርት ቤታችንን ሚኒ ሚዲያ ለአራት ዓመት መርቻለሁ። አሁን አንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ በሳምንት አንድ ሰዓት ሰጥቶኛል። ደራሲዎችንና ባለሙያዎችን እየጋበዝኩ እንዳወያይ ነው የተጠየቅኩት። ግን ፈራሁ። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ነገር ሲያጠና የኖረ ሰው ፊት ቁጭ ብዬ ምን ልጠይቀው? ከሙያው ውጪ ነኝ። ከምኑስ ልጀምር?»

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ። አንድ ሰዓት ብዙ ነው። በደንብ ከተሠራበት ሰው ሳምንቱን ሙሉ የሚያወራው ነገር ያገኝበታል።

ፍርሃትህን አውቀዋለሁ። እኔም ስጀምር እንግዳውን እፈራ ነበር። ስለዚህ ከእንግዳው ላለማነስ ነበር የምዘጋጀው። ጥፋቴም እዚያ ላይ ነው። እንዴት እንደገባኝ ልንገርህ።

በሁለተኛው ዓመቴ አንድ የአፈር ተመራማሪ ጋበዝኩ። ርዕሳችን የሞረትና ጅሩ መረሬ መሬት፣ ጥቁሩ ጭቃማ አፈር ነበር። ሰውየው ዐዋቂ ነው፣ ትሑትም ነው። እኔ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ የጻፋቸውን ወረቀቶች ሳነብ ቆይቻለሁ። ጥያቄዎቼ ሁሉ ከእነዚያ ወረቀቶች የወጡ ነበሩ። «ቨርቲሶል»፣ «ድሬኔጅ» እየተባባልን አርባ ደቂቃ ሄድን። ሁለታችንም በደንብ ተግባባን። ከስቱዲዮ ስወጣ ጥሩ ሠራሁ ብዬ ነበር።

በሳምንቱ ለቅሶ ለመድረስ የሞረትና ጅሩ ከተማ ወደሆነችው እነዋሪ ሄድኩ። ድንኳን ውስጥ አንዲት እናት በድምፄ አወቁኝ።

«አንቺ ነሽ እንዴ የሬዲዮዋ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ስለኛ መሬት ስታወሩ ሰማሁ። እኔን የገባኝ ግን ጅሩ የምትሉት ብቻ ነው።»

ቁጣ የለበትም። ወቀሳም የለበትም። እኔ ግን የምገባበት ጠፋኝ።

ከዚያ እሳቸው ስለ መሬታቸው ያጫውቱኝ ጀመር። መረሬው ክረምት ሲገባ አብጦ ውሃውን አላሳልፍ እንደሚል ነገሩኝ። በጋ ላይ ደግሞ ተሰነጣጥቆ የበግ እግር እንደሚውጥ። ሰብሉ ውሃ ላይ ተኝቶ እንዳይቀር መሬቱን መደብ መደብ አድርገው ከፍ ያደርጉታል። በመደቡና በመደቡ መሃል ውሃው የሚሄድበት ቦይ ይተዋሉ። ይህ ሁሉ በእጅ ነው። ሴቱም ልጁም ጎንበስ ብሎ አፈሩን በእጁ እየዛቀ ነው የሚያወጣው። የተመራማሪው «ቨርቲሶል» መረሬው ነበር፣ «ድሬኔጅ» ያለውም ይኼ ውሃ የማፍሰስ ሥራ ነበር። እኔ ቃሉን ይዤ፣ እሳቸው ወገባቸው የሚቆረጥበትን ሥራ ይዘው፣ በአንድ ፕሮግራም ላይ ሳንገናኝ ቀረን።

ተመለስኩና ሰውየውን እንደገና ጋበዝኩት። ደግ ሰው ነው፣ እሺ አለ። በዚህኛው ጊዜ እናትየዋ በስልክ መስመር ላይ ነበሩ። ጥያቄያቸው አጭር ነበር። «ይኼን መደብ በእጃችን ስናወጣ ወገባችን አለቀ። በበሬ የሚሠራ ነገር የለም ወይ?»

የሰውየው ፊት በራ። እንደዚያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረ የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ምርምር ማዕከል፣ ከኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ፣ የኛኑ ማረሻ አሻሽሎ መደብ የሚያወጣ መሣሪያ እንደሠራ ተረከልን። መጀመሪያ ሁለት ማረሻ አጣምረው ነበር የሠሩት። ለበሬውም ለገበሬውም ከበደ። ከዚያ እያቃለሉት ሄዱ። ከሞከሩባቸው ቦታዎች አንዱ ራሱ እነዋሪ ነበር። በእጅ የሚወጣው መደብ ግን ከምርምሩ በፊትም እዚያው የነበረ የገበሬው ዕውቀት ነው። ይኼንንም ሰውየው ሳይደብቅ ተናገረ።

እናትየዋ ቀጠሉ። «ታዲያ እኛ ቤት ለምን አልደረሰም?»

ይህን ጥያቄ እኔ ሁለት ዓመት ባነብ አላገኘውም ነበር። የቀረው ሃያ ደቂቃ በሙሉ በዚህ አለቀ። እስከ ዛሬ ከሠራኋቸው ሁሉ የምወደው ፕሮግራም እሱ ነው።

ስለዚህ ከምን ልጀምር ላልከኝ መልሴ ይኼ ነው። እንግዳው ከመምጣቱ በፊት የጉዳዩ ባለቤት ጋ ሂድ። ስለ አፈር ከሆነ ገበሬው ጋ፣ ስለ ወሊድ ከሆነ የወለደችው ጋ፣ ስለ ታሪክ ከሆነ ቦታው ላይ የሚኖረው ሰው ጋ። «ይህ ሰው ሊመጣ ነው፣ ምን ትጠይቁልኛላችሁ?» በላቸው። ደብተር ያዝ። እነሱ ባሉት ቃል ጻፈው፣ አታሳምረው። ስቱዲዮ ስትገባ ያን ጊዜ አትፈራም። ተልከህ ነው የገባኸው።

የመጀመሪያ ፕሮግራምህ ደግሞ ደጅህ ላይ አለ። ጓሳ። የመንዝ ሰው ያንን የደጋ ሣር መሬት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። አጽመ ርስት፣ ማለትም ከአባቶች የወረደ የመሬት መብት ያለው ሰው አለቃውን ይመርጥ ነበር። መሬቱ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋ ነበር። ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈት ነበር፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ ይታጨድ ነበር። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመው። ያን የድሮውን ዘመን አዋቂ ሆነው ያዩ ሽማግሌዎች ዛሬ ሰባና ሰማንያ አልፏቸዋል። እባክህ አትዘግይ። ሌላው ሁሉ ይቆይ፣ የነሱን ድምፅ ቅዳ።

ከዚያ ተመራማሪውን ጥራ። ስትጠይቀው ግን «ስለ ጓሳ ብዝኃ ሕይወት ቢያብራሩልን» አትበለው። ይህ ጥያቄ አይደለም፣ ማይኩን ሰጥቶ መሄድ ነው። መጀመሪያ እረኛ ጠይቅ። እረኛው ምናልባት «ቀይ ቀበሮው በጎቹ መሃል እያለፈ ለምን አይጥ ብቻ ያድናል?» ይልሃል። ይኼ ነው ጥያቄ። ተመራማሪው ቀይ ቀበሮው ኑሮው በአይጥና በፍልፈል ላይ እንደሆነ፣ ሣሩ ከተጋጠ አይጡ እንደሚጠፋ፣ አይጡ ከጠፋ ቀበሮውም እንደማይኖር ይነግርሃል። የቄሮው ሽማግሌና ተመራማሪው ስለ አንድ ነገር እያወሩ እንደሆነ አድማጩ ያኔ ይገባዋል።

የከባድ ቃል ነገር ቀላል ነው። ቀረጻ ሳይጀመር ከእንግዳው ጋር ተስማማ። እኔ «ቃሉ ሲከብድ እጄን አነሳለሁ፣ እባክዎ በሌላ ቃል ይድገሙልኝ» እል ነበር። ቅር ያለው እንግዳ አላጋጠመኝም። እንዲያውም ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል፤ ለእናታቸው እንደሚያስረዱ ሆነው ነው የሚያወሩት።

አሁን ወደ ደራሲዎቹ ልምጣ። እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለኝ። መጽሐፉን ሳልጨርስ ደራሲ አልጋብዝም። ሕጉ የመጣው ካሳፈረኝ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ስለ አካባቢያችን ታሪክ የጻፈ ደራሲ መጣ። መጽሐፉ የደረሰኝ ለነገ ፕሮግራም ዛሬ ማታ ነው። እስከ ግማሽ አነበብኩ። ደብረ ብርሃን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ በታየ ብርሃን ምክንያት እንደተቆረቆረች ሁላችንም የምናውቀውን አስወራሁት። ከዚያ «ግን ይህ ብርሃን ምን ሊሆን ይችላል?» አልኩት። ሰውየው ረጋ ብሎ «መጨረሻው ምዕራፍ በሙሉ ስለሱ ነው» አለኝ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1456 ስለታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ፣ ሁለቱን ስለሚያገናኙ አጥኚዎች ሁሉንም ጽፎታል። በቀጥታ ስርጭት ላይ ነበርን። ሰውየው ለዓመታት ደክሞ የጻፈውን እኔ አንድ ሌሊት አልሰጠሁትም። ይህ ንቀት ነው። ባላስበውም ንቀት ነው።

በዚያው ፕሮግራም አንዲት ተማሪ ደወለች። «ንጉሡ ከመምጣታቸው በፊት እዚህ ሰው ይኖር ነበር ወይ?» አለች። ደራሲው ወንበሩን አስጠግቶ ነው የመለሰላት።

ደራሲ ስትጋብዝ አንድ ገጽ ራሱ እንዲያነብ አድርገው። ገጹን አንተ ምረጥ። የሬዲዮ ንባብ ምን እንደሚሠራ እኔ ያወቅኩት ከአያቴ ነው። አያቴ ፊደል አልቆጠሩም። ነገር ግን ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ ሰምተዋል። ጉዱ ካሣን የጎረቤት ሰው ያህል ያውቁታል። ስለ ሰብለ ወንጌል ሲያወሩ «ያቺ ልጅ» ነበር የሚሉት። መጽሐፉን እኔ ኋላ ሳነበው፣ ከኔ ቀድመው እሳቸው ጨርሰውት እንደነበር ገባኝ።

ስለ ዝምታም ትንሽ ልበል። መዓዛ ብሩ በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 «የጨዋታ እንግዳ»ን ስታቀርብ ልብ ብለህ ስማት። አንድን ሰው ለሳምንታት ታወራዋለች። ልጅነቱን ሳይጨርስ ወደ ሥራው አትጎትተውም። አንተ አንድ ሰዓት ብቻ ነው ያለህ፣ ግን ከዚያም ውስጥ አራት አምስት ሰከንድ ዝምታ አይጠፋም። እንግዳው ዝም ሲል ቶሎ አትግባ። ብዙ ጊዜ ትልቁ ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ክፍሉን ረስቼው ነበር። የሰጡህ ክፍል ካስተጋባ ግድግዳው ላይ ባና ስቀልበት። መንዝ ተቀምጦ ስፖንጅ መግዛት አያስፈልግም፤ የበግ ፀጉር ድምፅ ይውጣል። እኛ አራት ባና ሰቅለን ነው ዓመታት የሠራነው። ጣራው ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ አትቅዳ። ዝናቡ እንግዳህን ይበልጠዋል። ጠዋት አድርገው።

ቀጣዩ ከሸዋ ሮቢት የመጣ ነው።

«ሱቅ አለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ከፍቼ ነው የምውለው። ደብረ ብርሃን ያለችው እህቴ የምትሰማውን የእንግዳ ፕሮግራም ግን እኔ አላገኘውም። ሬዲዮ ቀየርኩ፣ አንቴናም ገዛሁ። አዲስ አበባ ርቆ ነው ልበል፣ ደብረ ብርሃን ግን ቅርባችን አይደለም?»

እህቴ፣ ሬዲዮዎ ምንም አልሆነም። ሌላ አንቴናም አይግዙ። ነገሩ የተራራ ነው።

የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ዓይን ነው። የሚያየው ቦታ ይደርሳል፣ ተራራ ሲጋርደው ይቀራል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ናት። በመሃል ጣርማበር አለ። መኪናው ጣሊያን በሠራው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ሞገዱ ግን በዋሻ አያልፍም። ከገደሉ ጫፍ በላይ አልፎ ይሄዳል፣ እናንተ ከሥር ትቀራላችሁ። መካከለኛ ሞገድ ሌላ ነው። እሱ መሬቱን ተከትሎ ይሄዳል፣ ሲመሽ ደግሞ ከላይኛው የአየር ክፍል እየነጠረ ይመለሳል። ማታ ማታ የሩቅ ጣቢያ የሚይዝልዎ ለዚህ ነው።

መፍትሔው ከጣቢያው በኩል ሞገዱን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ማማ መትከል ነው። ይህ ገንዘብ ይጠይቃል። ግን ጠይቁ። ደብዳቤ ጻፉ፣ የሱቅ ደንበኞችዎንም አስፈርሙ። አድማጭ አለን ብሎ ያልተናገረ አካባቢ ዕቅድ ውስጥ አይገባም።

እስከዚያው እኛ የምናደርገውን ልንገርዎ። ፕሮግራሙን ፍላሽ ላይ ገልብጬ ቆላ ለሚወርዱ ሾፌሮች እሰጥ ነበር። በመንገድ ይከፍቱታል፣ ሲደርሱ ለሌላ ይሰጡታል። አንድ ስለ ወባ ያዘጋጀነው ፕሮግራም በዚህ መንገድ ከአየሩ ይልቅ ብዙ ሰው ጋ ደርሷል ብዬ አምናለሁ። ስለ ወባ የሚያስፈልገው እኮ ውርጭ ላይ ላለነው ለኛ አይደለም፣ ለእናንተ ነበር። አሁን ደግሞ ቴሌግራም አለ። እህትዎ ትቅዳና ትላክልዎ። ሱቅ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርገው ይክፈቱት፤ ቡና የሚገዛውም ይስማ።

የመጨረሻው ከዓለም ከተማ ነው። ጸሐፊዋ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው።

«አጫጭር ልቦለዶች በራሴ ገንዘብ አሳትሜያለሁ። አሁን ሬዲዮ ላይ ቀርበሽ ስለ መጽሐፍሽ ተናገሪ ተባልኩ። ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጣል። አነጋገሬም የመርሐቤቴ መሆኑ ያስታውቃል። አልሄድም ልበል?»

ልጄ፣ ሂጂ።

የመርሐቤቴ አነጋገርሽን እንዳትነኪው። ድርሰትሽ ውስጥ ያሉት ሰዎች የሚያወሩት በሱ ከሆነ፣ የአዲስ አበባ ልጅ መስለሽ ስታነቢላቸው ይሞታሉ። ማይክ ፊት ቋንቋቸውን የሚቀይሩ ደራሲዎች አጋጥመውኛል። ከማይኩ ውጪ ሲያወሩ ሕይወት አላቸው፣ ቀይ መብራቱ ሲበራ ዜና አንባቢ ይሆናሉ። ያሳዝነኛል። ቀረጻውን አቋርጬ፣ ሻይ አስመጥቼ፣ ስለ ልጅነታቸው አስወርቼ ነው መልሼ የማገኛቸው።

ድምፅሽ የሚንቀጠቀጠው ትንፋሽ ስለሚያጥርሽ ነው። የምታነቢውን ገጽ ዛሬውኑ ምረጪ። ቤት ውስጥ ቆመሽ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ፣ በየቀኑ አንድ ጊዜ አንብቢው። አራት ነጥብ ላይ ስትደርሺ ተንፍሺ። ሰው ፊት ማንበብ ከፈለግሽ ለእናትሽ አንብቢላት። እሷ ያልገባት ዓረፍተ ነገር ካለ አድማጩም አይገባውም፤ ያንን ተይውና ሌላ ገጽ ፈልጊ።

ገጹን በትልቅ ፊደል በወረቀት አሳትሚው። መጽሐፉን ይዘሽ ከገባሽ ገጽ ስትገልጪ ማይኩ ይሰማዋል። ወረቀቶቹን አታያይዣቸው፤ አንብበሽ የጨረስሽውን በቀስታ ወደ ጎን አንሸራትቺው። አምባር አታድርጊ። ስልክሽን ውጪ ተይው። ከመግባትሽ በፊት ለብ ያለ ውሃ ጠጪ። ማይኩና አፍሽ መሃል አንድ ስንዝር ይኑር።

ጠያቂው መጽሐፍሽን ሳያነብ ቢመጣስ? ይህ ያጋጥማል። እኔም እንዳደረግኩት ከላይ ጽፌያለሁ። እንዲህ ሲሆን አትቀየሚ፣ ዝም ብለሽም አትጠብቂው። «አንዱን ታሪክ ላጫውታችሁ» በይና ጀምሪ። ልቦለድ ጸሐፊ ነሽ፣ ማጫወት ሥራሽ ነው። መጽሐፉ ውስጥ የሌለ አንድ ነገርም ይዘሽ ሂጂ። የመጀመሪያውን ታሪክ የት ቁጭ ብለሽ እንደጻፍሽው፣ ማን እንዳነበበልሽ፣ የማሳተሚያውን ገንዘብ እንዴት እንዳጠራቀምሽ። ለአድማጩ እንግዳ ነሽ። መጀመሪያ የሚፈልገው አንቺን ማወቅ ነው።

ከመውጣትሽ በፊት መጽሐፉ የት እንደሚገኝና ዋጋው ስንት እንደሆነ ተናገሪ። ይህን ለመናገር የሚያፍር ደራሲ ብዙ ነው። አታፍሪ። ሰው ሰምቶ ወዶት፣ የት እንደሚገዛው ሳያውቅ ሲቀር ነው የሚቆጨው።

የሚተላለፍበትን ቀንና ሰዓት ጻፊልኝ። ደብረ ብርሃን ላይ የማይዝ ከሆነ በፍላሽ ላኪልኝ፤ የሸዋ ሮቢቷ እህቴም ሱቋ ውስጥ እንድትከፍተው አደርሳታለሁ።